ሩማቲክ ትኩሳት ምንድን ነው?

«ዘንድሮ ይሄን ልጅ ምን እንደነካው እንጃ። አንዴ ቶንሲል፣ አንዴ ቁርጥማት፣ አንዴ ድካም።» ጎንደር ውስጥ ጎረምሳ ልጅ ያለው ወላጅ እንዲህ ሲል መስማት የተለመደ ነው። ቶንሲሉ ብርድ ነው ይባላል። ጉልበቱ ሲያብጥ ኳስ ሜዳ ተመቶ ይሆናል ይባላል። ዳገት ላይ ሲያለከልክ ደግሞ ሰነፈ ይባላል። ሦስቱም ግን ከአንድ በሽታ ጋር የተያያዙ ሊሆኑ ይችላሉ። እሱም ሩማቲክ ትኩሳት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮን ያቆስላል። ሰውነት ይዋጋዋል፤ ጉሮሮውም ይድናል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንድ ልጆች ላይ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሳው የሰውነት መከላከያ ዞሮ የልጁን መገጣጠሚያ፣ ልብና አንጎል ያጠቃል። ይሄ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ጉሮሮውን የሚያስታውሰው የለም። በብዛት የሚይዘውም ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው።

የመገጣጠሚያው ሕመም አንድ ጠባይ አለው፤ ይዞራል። ዛሬ ጉልበቱ ያብጣል፣ ይግላል፤ ልጁ ሽንት ቤት የሚሄደው ሰው ደግፎት ነው። ከነገ ወዲያ ጉልበቱ ቀለል ይልና ቁርጭምጭሚቱ ይነሳበታል፤ ከዚያ ክርኑ። ማስታገሻ ሲወስድ ደግሞ ቶሎ ይለቀዋል። ብዙ ቤተሰብ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። መገጣጠሚያው ምንም ሳይሆን ይድናል፣ ልብ ግን እንደዚያ አይደለም። ደም የሚያሳልፉት የልብ በሮች ይቆስላሉ። በሽታው በተመላለሰ ቁጥር ጉዳቱ ይደራረብና በሮቹ በደንብ መከፈት ወይም መዘጋት ያቅታቸዋል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይሄ ነው። አንዳንድ ሴቶች ልባቸው መታመሙን የሚያውቁት አድገው፣ አርግዘው፣ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ነው። ይሄ ያንገበግበኛል፤ መከላከል ይቻል ነበርና።

አንጎልን ሲነካ ደግሞ የልጁ እጅና ፊት ሳይፈልግ ይንቀሳቀሳል። ብርጭቆ ከእጁ ያመልጣል፤ የእጅ ጽሑፉ ይበላሻል። ቤተሰብ መንፈስ ነው ብሎ ይደነግጣል። ጠበል መውሰዱ መልካም ነው፤ ልቡን የሚያዳምጥ ሐኪም ጋም ይድረስ።

የጉሮሮ ሕመም ሁሉ ይሄን አያመጣም። ሳልና ንፍጥ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው። ሳል ሳይኖር ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ካቃተው፣ አገጩ ሥር ያለው ንፍፊት ካበጠ ግን ጤና ጣቢያ ይታይ። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ትክክለኛው ፀረ ባክቴሪያ ከተጀመረ ሩማቲክ ትኩሳትን ማስቀረት ይቻላል። ሕክምናው አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ወይም የ10 ቀን ኪኒን ነው። 10 ቀን ከተባለ 10 ቀን ነው፤ በሦስተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ማቆም የለም። እንጥል ማስቆረጥም አይከላከልም፤ ደም መፍሰስና ሌላ ቁስል ነው ትርፉ።

አንዴ የያዘው ልጅ ደግሞ እንዳይደገምበት በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል። ልቡ ካልተነካ ቢያንስ ለ5 ዓመት ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን። ልቡ ከተነካ ከዚያም በላይ። ረጅም ነው፣ መርፌውም ያማል። ልጁ ደህና እየመሰለ በየወሩ መወጋቱ ያሰለቸዋል። መርፌው ግን ያመመውን ለማዳን ሳይሆን የሚቀጥለውን ሕመም ለማስቀረት ነው። ለልጁ ይሄ ተብራርቶ ይነገረው፤ ጎረምሳ ምክንያቱን ካላወቀ ይተወዋል።

በጣም የሚያሳስቡኝ ከደንቢያ፣ ከወገራ፣ ከጭልጋ ስንቃቸውን ይዘው መጥተው ጎንደር ቤት ተከራይተው የሚማሩት ናቸው። አንዲት ክፍል ውስጥ አብረው ይተኛሉ፤ ባክቴሪያው ደግሞ በሳልና በምራቅ ነው የሚተላለፈው። አንዱ ሲያመው «ያልፋል» ብሎ የሚተኛ እንጂ ክሊኒክ የሚወስደው እናት አጠገቡ የለም። መርፌ የጀመረውም ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ አገሩ ይገባል። እስከ መስከረም ሁለት ሦስት መርፌ የሚያልፈው ያኔ ነው። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ከሚታከምበት ቦታ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ያጽፍና ለአገሩ ጤና ጣቢያ ያሳይ።