የኮምፒውተር ዕቃ ስትልኩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በቴሌግራም የተሸጠ ግራፊክስ ካርድ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሐዋሳ ደርሶ «አይሠራም» ሲባል፣ ሁሌ ሻጩ አጭበርብሮ አይደለም። አስተሻሸጉም ዕቃ ይገድላል።

«ካርቶኑ ላይ ተሰባሪ ብዬ ጽፌበታለሁ»

ጻፉ፣ ክፋት የለውም። ግን ማንም እንደማያነበው አድርጋችሁ እሸጉ። ሻንጣ ይጫንበታል፣ ይገለበጣል።

«በፌስታል ጠቅልዬ ዙሪያውን ፎም አድርጌበታለሁ፣ ምን ይሆናል?»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፌስታል፣ ነጩ ፎም፣ ተራው ባብል ራፕም (አየር የተቋጠረበት ፕላስቲክ) ጭምር ሲፋተጉ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ። እኛን ነዘረን የምንለው 3,000 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው፤ አንዳንድ ቺፕ ግን ከ100 ቮልት ባነሰም ይጎዳል፣ ስለዚህ ምንም ሳይሰማችሁ ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። የባሰው ደግሞ ወዲያው ላይሞት መቻሉ ነው፤ ገዢው ጋ ደርሶ ትንሽ ይሠራና ያስቸግራል፣ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። መጀመሪያ ብርማው ፀረ ስታቲክ ከረጢት ውስጥ ይግባ፣ ባብል ራፑ ከዚያ በላይ። ሮዙ ፀረ ስታቲክ ከረጢት ራሱ ስታቲክ አይፈጥርም እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አያግድም።

«ከረጢት ከሌለ የወጥ ቤት ፎይል ይበቃል»

ለራም (ለጊዜያዊ ማስታወሻ ካርዱ) ያስኬዳል። ማዘርቦርድ (ሌሎቹ ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ግን 3 ቮልት ያላት ክብ ባትሪ አለች፤ ሳታወጧት በፎይል ከጠቀለላችሁት ሾርት ያደርጋል።

«ፒን ያለው ፕሮሰሰሩ ነው፣ ማዘርቦርዱ ችግር የለውም»

የድሮ ወሬ ነው። ፕሮሰሰር ሠሪው ኢንቴል በ2004 የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ፒኖቹን ወደ ማዘርቦርዱ ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ) ማዛወር ጀመረ፣ ተፎካካሪው ኤኤምዲም በ2022 ኤኤም5 በተባለው ሶኬቱ ተከተለው። እነዚህ ፒኖች በጣት ጫፍ ሲነኩ ይጣመማሉ፣ ባብል ራፕ ቢጫናቸውም ያው ነው። ለዚህ ነው አዲስ ማዘርቦርድ ሶኬቱ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ይዞ የሚመጣው፣ ሰው ደግሞ ቆሻሻ መስሎት ይጥለዋል! አትጣሉት። ከመላካችሁ በፊት የሶኬቱን ፎቶ በቅርበት አንሱ፣ ሲሪያል ቁጥሩንም ጭምር፤ ክርክር ቢነሳ ያድናችኋል።

«ሙሉ ኮምፒውተር ከሆነ ኬዙ ይጠብቀዋል»

ኬዙ ከውጭ ይጠብቃል፣ ውስጡን አይይዝም። ከባድ ግራፊክስ ካርድ አንድ ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ በየጉድጓዱ ሲንገጫገጭ ክብደቱ የሚያርፈው የተሰካበት ስሎት ላይ ነው። አውጡትና ለብቻው እሸጉት። ትልቁን የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣም እንደዚያው።

«ሃርድ ዲስክ ጠፍቶ ነው የሚላከው፣ ምንም አይሆንም»

ሲጠፋ ይሻለዋል እንጂ መውደቅ አይወድም። በሁሉም በኩል አምስት ሴንቲ ያህል መከላከያ ይኑረው። ካርቶኑን ስትወዘውዙት የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ገና አልጨረሳችሁም። የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ኤስኤስዲ ላይ ግን ይሄን ያህል አትጨነቁ።

«ትርፍ የላፕቶፕ ባትሪውን ከዱባይ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ እንሸጉጠው»

አይቻልም። ለብቻው ያለ ሊቲየም ባትሪ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ አይገባም፣ ሰውየው በእጅ ቦርሳው ይያዘው፤ ጫፎቹንም በፕላስተር ሸፍኑለት።