ዋን (WAN) ምንድን ነው? ገላን ያለ መጋዘንና መርካቶ ያለ ቢሮ እንዴት አንድ ኔትወርክ ይሆናሉ

ባንክ ተሰልፋችሁ ተራችሁ ሲደርስ "ሲስተም የለም" ተብላችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ብዙ ጊዜ ሲስተሙ የትም አልሄደም፣ ሰርቨሩ ዋናው መስሪያ ቤት ቁጭ ብሎ እየሰራ ነው፣ የጠፋው ቅርንጫፉን ከሱ ጋር የሚያገናኘው መስመር ነው። ዋን የሚባለው እሱ ነው፣ የተራራቁ ቢሮዎችን ኔትወርክ የሚያገናኝ ኔትወርክ።

እኔ የምሰራበት ድርጅት ቢሮው መርካቶ ነው መጋዘኑ ደግሞ ገላን። ቢሮ ያሉት ኮምፒውተሮች በስዊች (ኬብሎቻቸው ሁሉ በሚሰኩበት ሳጥን) እርስ በርስ ተያይዘዋል፣ ይሄ ላን (LAN) ይባላል፣ ገላንም የራሱ ላን አለው። መሀል ላይ ግን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ አለ፣ ያንን ሁሉ መንገድ ቆፍረን ኬብል መቅበር አንችልም፣ ስለዚህ ቴሌኮሙ የዘረጋውን ፋይበር በኪራይ እንጠቀማለን።

"ሁለቱም ጋ ኢንተርኔት ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል?" ይሉኛል ሁሌ። ገላን ያለው ፕሪንተር አድራሻው 192.168.1.20 ነው፣ በ192.168 እና በ10 የሚጀምሩ አድራሻዎች ለግቢ ውስጥ ብቻ የተተዉ ስለሆኑ ኢንተርኔት ላይ አይሄዱም፣ ጎረቤታችን ያለው ፋብሪካም ያንኑ ቁጥር ሊጠቀም ይችላል። ታዲያ የኛ ዳታ ከሱ ጋር ሳይደባለቅ በአንድ ፋይበር እንዴት ያልፋል?

እዚህ ጋ ነው ኤምፒኤልኤስ (MPLS)፣ ማለትም ቴሌኮሙ ዳታ ላይ ምልክት እየለጠፈ የሚያሳልፍበት ዘዴ፣ የሚመጣው። መርካቶ አይሱዙ ላይ የሚጫን ጆንያ አይታችኋል? ላዩ ላይ በማርከር ምልክት ይፃፍበታል፣ ጫኙ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይፈታ ምልክቱን አይቶ ብቻ ይወረውረዋል። የቴሌኮሙ የመጀመሪያ ራውተርም ዳታችን ሲገባ ሁለት ቁጥር ይለጥፍበታል፣ የውጪው መንገዱን ይመራል፣ መሀል ያሉት ራውተሮች እሱን እያነበቡና እየቀየሩ ያሳልፋሉ፣ የውስጡ ደግሞ ዳታው የየትኛው ደንበኛ እንደሆነ ይናገራል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ የመንገድ ሰንጠረዥ ስላለ የኛ 192.168 ከጎረቤት 192.168 ጋር አይጋጭም። ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ይለያል እንጂ አይቆልፍም። የደሞዝ ፋይል ወይ የደንበኛ መረጃ የምትልኩ ከሆነ ላዩ ላይ አይፒሴክ (IPsec) ጨምሩበት፣ እሱ ነው ሌላ ሰው እንዳያነበው ዳታውን ኢንክሪፕት የሚያደርገው። በተራ ኢንተርኔት ላይ አይፒሴክ ብቻ ተጠቅሞ ሁለቱን ቢሮ ማገናኘትም ይቻላል፣ ይረክሳል፣ ግን መንገዱን ከሁሉም ሰው ጋር ነው የምትጋፉት።

ሲንቀራፈፍ ርቀቱን አትውቀሱ። ብርሃን ፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ መርካቶና ገላን ለሱ ከሰከንድ አንድ ሺኛ በታች ነው። የሚያዘገየው ወረፋው ነው፣ የኛ ስቶክ ሲስተም የሚልከው ፅሁፍ ስለሆነ ትንሽ ሜጋ ይበቃዋል፣ ሲንቀራፈፍብን የነበረው የካሜራው ቪዲዮ በዛው መስመር ሲያልፍ ነው።

ከፍጥነት በላይ ግን እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። መጋዘኑ ፊት ለፊት መንገድ ሲሰራ ኤክስካቫተር ፋይበሩን በጠሰው፣ ሞደሙ ላይ ያለችው መብራት ቀይ ሆና ትርገበገባለች፣ ስቶር ኪፐራችን ጋሼ የዕቃ ማውጫውን በእጃቸው እየፃፉ "ልጄ፣ ዛሬም የለም?" ይሉኛል። ሁለት መስመር ነበረን እኮ! ለሁለት እየከፈልን ሁለቱም በአንድ ቦይ ነበር የሚመጡት፣ አንድ አካፋ ሁለቱንም ወሰዳቸው። እንደ ገላን፣ ዱከም፣ ሰበታ ባለ ገና በሚቆፈር ሰፈር ቢሮ ያላችሁ ሰዎች ውል ከመፈረማችሁ በፊት "ስንት ሜጋ ነው" ብቻ ሳይሆን "ሁለተኛው መስመር በየት በኩል ነው የሚገባው" ብላችሁ ጠይቁ፣ ቦዩን በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት።

እኛ ሁለተኛውን መስመር አስነስተን ሲም ካርድ በሚገባበት የፎር ጂ ራውተር ተካነው፣ አይፒሴክም ጫንበት። አሁን ፋይበሩ ሲቆረጥ ራውተሩ ራሱ ወደ ፎር ጂው ይዞራል፣ ካሜራው ይቆማል፣ የጋሼ ማውጫ ግን ይታተማል።