7600 ምንድን ነው? ደመና ውስጥ ሬዲዮ ሲጠፋ

7600 ማለት «ሬዲዮዬ ተበላሽቷል» ማለት ነው። አብራሪው ትራንስፖንደር በሚባለው መሣሪያ ላይ አራቱን ቁጥሮች ያስገባል፤ መሬት ላይ ያለው የበረራ ተቆጣጣሪ ያንን ራዳሩ ላይ ያያል። 7500 ለጠለፋ፣ 7700 ደግሞ ለሌላ አስቸኳይ አደጋ ነው። እነዚህ ቁጥሮች በየትኛውም አገር አንድ ናቸው።

ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ ነገሩ ያን ያህል አያስጨንቅም። የአሜሪካ ደንብ፣ አብራሪው ውጭውን እያየ ይብረርና እንደተመቸው ቶሎ ይረፍ ይላል። ጭንቁ ደመና ውስጥ ነው። መሬት አይታይም፤ ከፊት የሚመጣ አውሮፕላንም አይታይም። አብራሪውን ከሌሎች የሚያራርቀው ተቆጣጣሪው ነበር፣ አሁን ከእሱ ጋር መነጋገር አልተቻለም።

እንደ ሴስና 172 ባለች ትንሽ አውሮፕላን ላይ ሬዲዮውና አቅጣጫ ጠቋሚዎቹ ተያይዘው ከጠፉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤሌክትሪኩ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው አልተርኔተር ሥራ ሲያቆም ሁሉም ነገር ባትሪው ላይ ይወድቃል። ሞተሩ ግን አይጠፋም፤ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው ማግኔቶ ከባትሪው ምንም አይፈልግም። አዘናጊውም ይሄው ነው። የሞተሩ ድምፅ ያው ነው፣ በረራውም ያው ነው። የሚለወጠው የአንዲት ትንሽ አምፔር ሜትር (የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ) ቀስት ነው፤ ወደ ተቀናሹ ጎን ታዘነብላለች። አብራሪው ይህን በጊዜ ካየ የማያስፈልገውን መብራትና ሁለተኛውን ሬዲዮ ያጠፋል፣ ለተቆጣጣሪውም ወዲያው ይናገራል። ማዳመጥ ባትሪውን ብዙም አይበላም፤ መናገር ግን ይበላል። ስለዚህ ባጭሩ መናገር ነው፣ ግን ሳይዘገዩ። ባትሪው ካለቀ ትራንስፖንደሩም ስለሚሞት 7600 ራሱ አይላክም።

ከዚያ በኋላ ምን ይደረጋል? የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ደንብ 91.185 መልሱን አስቀምጧል። እኔ ይህን ደንብ በጣም የምወደው፣ ሁለቱ ሰዎች ሳይነጋገሩም አንድ ነገር እንዲያስቡ ስለሚያደርግ ነው። አብራሪው መጨረሻ በተፈቀደለት መንገድ ይሄዳል። በራዳር እየተመራ ከነበረ ሊያደርሱት ወዳሰቡት ነጥብ በቀጥታ ይሄዳል። የተፈቀደ መንገድ ከሌለው ጠብቅ (ማለትም «ኋላ ይሰጥህ ይሆናል») የተባለውን፣ እሱም ከሌለ በበረራ ዕቅዱ ላይ የጻፈውን ይይዛል።

ከፍታው ላይ ደግሞ ሦስት ቁጥሮች ይወዳደራሉ፦ የተፈቀደው፣ ጠብቅ የተባለው፣ እና ለዚያ መንገድ የተወሰነው ዝቅተኛ ከፍታ። በየመንገዱ ክፍል ትልቁ ያሸንፋል። እንበልና አብራሪው ወደ 3,000 ጫማ እንዲወጣ፣ ከተነሣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ደግሞ 7,000 እንዲጠብቅ ተነግሮታል። ሬዲዮው በ6ኛው ደቂቃ ጠፋ። የመንገዱ ዝቅተኛ ከፍታ 4,000 ከሆነ ወደ 4,000 ወጥቶ እዚያው ይቆያል። 10 ደቂቃው ሲሞላ ወደ 7,000 ይወጣል። ቀጥሎ ተራራ መጥቶ ዝቅተኛው 8,000 ቢሆን 8,000 ይይዛል፤ ተራራውን ሲያልፍ ወደ 7,000 ይመለሳል። ተቆጣጣሪውም ይህንኑ አስልቶ ከፊቱ ያሉትን አውሮፕላኖች ዞር ያደርጋል። ለመነሣት ፈቃድ ሲሰጥ «ይህን ያህል ጠብቅ» የሚባለው ዓረፍተ ነገር ለዚህች ሰዓት መጠባበቂያ ነው። እየሰሙ በወረቀት መጻፍ ያስፈልጋል።

መንገድ ላይ ደመናው ቢከፈትና ማረፊያ ቢታይስ? ማረፍ ነው። ወደ ታቀደው ከተማ ለመድረስ ብሎ ተመልሶ ደመና ውስጥ መግባት አደጋውን እንደገና መጥራት ነው።

ይህን ሁሉ ከማድረግ በፊት ግን ቀላሉን ነገር ማየት አይከፋም። ድምፁ ተቀንሶ ይሆናል፣ የጆሮ ማዳመጫው ሶኬት ወልቆ ይሆናል፣ ፍሪኩዌንሲው ተሳስቶ ይሆናል። ወደ ቀድሞው ፍሪኩዌንሲ ተመልሶ መጣራት፣ ካልሆነም የአስቸኳይ አደጋ ፍሪኩዌንሲ በሆነው 121.5 ላይ መሞከር ይቻላል። በባትሪ የሚሠራ የእጅ ሬዲዮ ቦርሳው ውስጥ ያለው አብራሪ ደግሞ ጭንቀቱ በግማሽ ይቀንስለታል።

ታወር ባለው ኤርፖርት አካባቢ ተቆጣጣሪው በመብራት ያናግረዋል። ሳይቋረጥ የሚበራ አረንጓዴ «ማረፍ ትችላለህ» ነው፤ ሳይቋረጥ የሚበራ ቀይ «ቅድሚያ ስጥና መዞርህን ቀጥል» ነው። ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ከሆነ ኤርፖርቱ ለማረፍ አያስተማምንም ማለት ነው። አብራሪው መረዳቱን ቀን ላይ ክንፉን በማወዛወዝ፣ ማታ የማረፊያ መብራቱን በማብራትና በማጥፋት ይመልሳል።