የማዛቾ «ቅድስት ሥላሴ»፦ አሣሣሉና ምሳሌው

«ቅድስት ሥላሴ» በፍሎረንስ ከተማ፣ የዶሚኒካውያን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) በሆነችው በሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን የሚገኝ፣ ቁመቱ ከ6 ሜትር ተኩል የሚበልጥ የግድግዳ ሥዕል ነው። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ማዛቾ በእርጥብ ልስን ላይ የሣለው እ.ኤ.አ. ከ1425 እስከ 1428 ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በ1428 ሲሞት ገና 30 ዓመት አልሞላውም ነበር።

ከሩቅ ለሚያየው፣ ግድግዳው ተፈልፍሎ ወደ ውስጥ የዘለቀ የጸሎት ክፍል ይመስላል። በቀይና በሰማያዊ አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለው ቅስት ጣሪያ ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር ይጠባል፤ ወደ ጥልቀት የሚያመሩት መስመሮችም ከመስቀሉ ግርጌ፣ ቆሞ በሚያይ ሰው የዓይን ከፍታ ግድም፣ በአንዲት ነጥብ ይገናኛሉ። በዚህ ስሌት የአርክቴክቱ የብሩኔሌስኪ እጅ ሳይኖርበት አይቀርም የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

አብ ከኋላ ቆሞ የመስቀሉን አግዳሚ በሁለት እጁ ደግፏል። በአብና በወልድ ራስ መካከል ያለችው ነጭ ርግብ መንፈስ ቅዱስ ናት፤ የአብ ልብስ አንገትጌ ስለምትመስል ሳያስተውላት የሚያልፍ አይጠፋም። ሥላሴን መልካቸው አንድ በሆነ ሦስት አረጋውያን አምሳል ማየት ለለመደው የአገራችን ምእመን፣ ምዕራባውያን «የጸጋ ዙፋን» የሚሉት ይህ አሣሣል እንግዳ ነው። እመቤታችን አታለቅስም፤ ፊቷን ወደ ተመልካቹ መልሳ በተዘረጋ እጇ ልጇን ታሳያለች። ከዓምዶቹ ውጭ የተንበረከኩት ባልና ሚስት ሥዕሉን ያሣሉት ሰዎች ሲሆኑ፣ እንደ ቀድሞው ልማድ አላነሱም፤ ቁመታቸው ከቅዱሳኑ ጋር የተስተካከለ ነው። የሌንዚ ቤተሰብ ናቸው የሚሉ አሉ፤ የቤርቲ ነው የሚሉም አሉ።

ከሥር በመቃብር ላይ አጽም ተጋድሟል፤ በላዩም «እናንተ አሁን የሆናችሁትን እኔም ነበርሁ፤ እኔ የሆንሁትን እናንተም ትሆናላችሁ» የሚል ጽሑፍ አለ። አጽሙን አዳም ነው ብለው የሚተረጉሙ ሊቃውንት አሉ፤ የአዳም ራስ በጎልጎታ ከመስቀሉ ሥር መቀበሩን ከልጅነቱ ሲሰማ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ትርጓሜ ብዙ ማስረጃ አያሻውም። በ1441 ከኢየሩሳሌም ተነሥተው በዚያ ለተደረገው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፍሎረንስ የገቡት መነኮሶቻችን በጳጳሱ በኤውጌኒዮስ 4ኛ ፊት ሲቀርቡ፣ ሥዕሉ ገና 20 ዓመት አልሞላውም ነበር።

በ1570 አካባቢ ሠዓሊውና የሠዓልያንን ታሪክ የጻፈው ቫሳሪ በሥዕሉ ፊት መሠዊያ ሠርቶ የራሱን ሥዕል ሰቀለበት፤ የጣሪያውን አሣሣል ግድግዳውን የበሳው ይመስላል ብሎ ያደነቀው ራሱ ቫሳሪ ነው። በ1860ዎቹ መባቻ የላይኛው ክፍል ሲገኝ ከግድግዳው ተልጦ ወደ መግቢያው ተዛወረ። ከመሠዊያው ኋላ የቀረው አጽም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲገለጥ፣ ሥዕሉ ወደ ቦታው ተመልሶ ሁለቱ ክፍሎች ተገናኙ።