በጎንደር ጋራዦች የቫልቭ ሞላ ፍተሻ

የቫልቭ ሞላ ፍተሻ በጎንደርና በአዘዞ ጋራዦች ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ወርዶ ሞተር ሲታደስ፣ ከገበያ የተገዛው አዲስ ሞላ ከመገጠሙ በፊት የሚደረግ የልኬትና የንጽጽር ሥራ ነው። ካምሻፍት የሚባለው ዘንግ የከፈተውን ቫልቭ፣ ማለትም የአየርና የጭስ ማለፊያውን በር፣ መልሶ የሚዘጋው ሞላው ነው። በደቂቃ 3,000 ጊዜ በሚዞር ባለ አራት ምት ሞተር ውስጥ እያንዳንዱ ሞላ በሰዓት 90,000 ጊዜ ስለሚጨመቅ፣ በሽቦው ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ወይም የዝገት ነጥብ እያደገች ሞላውን ልትሰብረው ትችላለች።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደርን በያዘበት ዘመን የሊማሊሞ መንገድ ተሠራ፤ በኋላ ኤንትሬ የሚባለው የፊያት ጭነት መኪና፣ ከዚያም አይሱዙ፣ ቶዮታና ባጃጅ ተከታትለው ገቡ። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ የሞላን ድካም ያጋልጣል። ሹፌሩ ከሚገባው በላይ በከባድ ማርሽ ቁልቁለቱን ሲይዝ ጎማው ሞተሩን ከተፈቀደለት ፍጥነት በላይ ሊያዞረው ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የደከመ ሞላ ቫልቩን በሰዓቱ መዝጋት ያቅተውና ፒስተኑ ቫልቩን ሊመታው ይችላል።

መለዋወጫው በአብዛኛው ከአዲስ አበባ መርካቶ የሚመጣ ሲሆን፣ ማሸጊያው ኦሪጅናል መምሰሉ ስለ ሞላው ጥራት የሚናገረው ነገር የለም። ፍተሻው በዓይን ይጀመራል፤ ስንጥቅ፣ ዝገትና የጫፎቹ ጠፍጣፋነት ይታያሉ። ቀጥሎ ሞላው በመስታወት ላይ ቆሞ በስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን መለኪያ) ጎን ቀስ እየተባለ ይዞራል፤ ከላይ ያለው መዝመም ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ አይገጠምም። ከዚያ ቁመቱ በካሊፐር ይለካል።

ቁመት ብቻውን ግን ያታልላል። የሞላ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረት አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚሄድ፣ 4 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረበት ሽቦ 3.9 ከሆነ፣ ቁመቱና የዙሮቹ ብዛት እኩል ሆነው ሳለ ጥንካሬው በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ በእጃቸው የሚተማመኑት የከተማዋ መካኒኮች ወደ ሞርሳ (ዕቃ ጨምቆ የሚይዝ የጠረጴዛ መቆንጠጫ) ይሄዳሉ። ቁመቱ ከጥገና መጽሐፉ ጋር የሚስማማ ኦሪጅናል ሞላና አዲሱ ሞላ፣ በመካከላቸው ጠፍጣፋ ሮንዴላ (መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት) ገብቶ፣ ጫፍ ለጫፍ በሞርሳ ይጨመቃሉ። ሁለቱም የሚሸከሙት ጉልበት አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ሳይጨመቁ እኩል ከነበሩ አሁን ያጠረው ደካማው ነው። ይህ ቀላል ዘዴ ነው፤ የታዋቂ ፋብሪካ ስም ከማንበብ እጅግ ይበልጣል። ልዩነቱን በኪሎ ማወቅ ሲያስፈልግ፣ ባልተነሳ ትራፓኖ (መሰርሰሪያ ማሽን) ሥር ሚዛን ተቀምጦ ሞላው በመጽሐፉ እስከተጻፈው ቁመት ተጭኖ ይነበባል፤ ሞላው ሊያመልጥ ስለሚችል የዓይን መከላከያ ግድ ነው። ጠንካራ ሞላ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ ስህተት ነው፤ ከልክ ያለፈ ጉልበት ካምሻፍቱን ይበላዋል።

አዲስ ሞላን ሌሊቱን ሙሉ በሞርሳ አጥብቆ ማሳደር ይጠቅማል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ሌሎች ጥቂት ጊዜ እስከ መጨረሻው ጨምቆ ቁመቱን እንደገና መለካት ይበቃል ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ማጠር ሊያጋጥም ይችላል፤ በተጨመቀ ቁጥር ማጠሩን የሚቀጥል ሞላ ግን ይመለሳል። ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ድምፁን ማዳመጥ ዋጋ የለውም። የቀለም ምልክትም ሞላውን ለመለየት እንጂ ጥራቱን ለመመስከር አይደለም።

በመጨረሻ ዙሮቹ የሚነካኩበት ቁመት ይታያል። ሲገጠም 40 ሚሊ ሜትር የሚሆን ሞላ ቫልቩ 10 ሚሊ ሜትር ሲከፈት ወደ 30 ይወርዳል፤ ዙሮቹ 29.5 ላይ የሚገናኙ ከሆነ የቀረው ክፍተት ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ የሚፈልጉት መካኒኮች እንዲህ ያለውን ሞላ አይቀበሉትም። ዙሮቹ በአንድ ጫፍ የተቀራረቡ ሞላ ከሆነ ደግሞ፣ የተቀራረበው ጫፍ ወደ ቴስታታው ሆኖ ይገጠማል።