ጃቫ ላይ ነል ስንልክ የትኛው ሜተድ ይጠራል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስማቸው አንድ ሆኖ የሚቀበሉት ዓይነት የሚለያይ ሜተዶችን (ስም ተሰጥቷቸው የሚጠሩ የኮድ ክፍሎችን) መጻፍ ኦቨርሎዲንግ ይባላል። «አሳይ» የሚባሉ ሁለት ሜተዶች አሉን እንበል። አንዱ ኦብጀክት (የሁሉም ክላሶች ወላጅ የሆነውን ዓይነት) ይቀበላል፣ ሌላው ስትሪንግ (ጽሑፍ)። ነል (ምንም ኦብጀክት የለም የሚለውን ዋጋ) ብንልክለትስ?

«ነል የራሱ ዓይነት ስለሌለው ወደ ኦብጀክቱ ይሄዳል።»

አይሄድም፤ የሚጠራው የስትሪንጉ ነው። ነል ለሁለቱም ይሆናል። ኮምፓይለሩ (ኮዱን ከመሮጡ በፊት የሚተረጉመው ፕሮግራም) ደግሞ ሁለቱም የሚሆኑ ከሆነ ጠበብ ያለውን ይመርጣል። ስትሪንግ ሁሉ ኦብጀክት ነው፣ ኦብጀክት ሁሉ ግን ስትሪንግ አይደለም።

«እንግዲያው ሁሌም አንዱ ያሸንፋል።»

ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር የሚይዝ ኦብጀክት) የሚቀበል ሦስተኛ «አሳይ» ጨምሩና ሞክሩት። ስትሪንግና ኢንቲጀር አንዱ ከሌላው አይወርስም። የትኛው እንደሚጠብ መለየት አይቻልም፣ ኮዱም ኮምፓይል አይሆንም። ፕሪንትላይን (ጽሑፍ የሚያሳየው የጃቫ ሜተድ) ውስጥ ነልን በቀጥታ ስትጽፉ ኤረር የሚመጣውም ለዚህ ነው፤ የስትሪንጉና የካር አሬዩ (የፊደላት ድርድር የሚቀበለው) እኩል ይሆናሉ። መፍትሔው ነሉን ወደምትፈልጉት ዓይነት ካስት ማድረግ (ዓይነቱን በቅንፍ ከፊቱ መጻፍ) ነው።

«ፕሮግራሙ ሲሮጥ ዋጋውን አይቶ ይመርጣል።»

ከሁሉም ብዙ ጊዜ የሚያባክነው ይሄ ይመስለኛል። ከኦቨርራይዲንግ (ልጅ ክላስ የወላጁን ሜተድ በራሱ ሲተካ) ጋር ስለሚምታታ ነው። ኦቨርራይዲንግ ላይ ምርጫው በእርግጥ ፕሮግራሙ ሲሮጥ ነው። ኦቨርሎዲንግ ላይ ግን ኮምፓይለሩ አስቀድሞ ጨርሶታል። የሚያየውም በቫሪያብሉ ውስጥ ያለውን ሳይሆን ቫሪያብሉ የተሰየመበትን ዓይነት ነው። ኦብጀክት ተብሎ የተሰየመ ቫሪያብል ነል ቢይዝ፣ ስትሪንግም ቢይዝ፣ የሚጠራው የኦብጀክቱ ሜተድ ነው።

ዋጋን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠውን የስትሪንግን ቫሊዩኦፍ ተመልከቱ፤ ኦብጀክት የሚቀበልም ካር አሬይ የሚቀበልም አለው። ነል የያዘ የኦብጀክት ቫሪያብል ስትሰጡት «null» የሚል ጽሑፍ ይመልሳል። ነልን በቀጥታ ስትጽፉለት ግን ነል ፖይንተር ኤክሴፕሽን (ነልን እንደ ኦብጀክት ልንጠቀም ስንል የሚመጣ ስህተት) ይወረውራል! ካር አሬይ ከኦብጀክት ስለሚጠብ ኮምፓይለሩ ያንን መርጧል፤ ያ ሜተድ ደግሞ የሌለ አሬይ ሊያነብ ይሞክራል። ዋጋው ያው ነል ነው፣ ውጤቱ ግን ሰማይና ምድር።

«ኢንት የሚቀበል ሜተድም ነል ሊደርሰው ይችላል።»

ኢንት ፕሪሚቲቭ (ኦብጀክት ያልሆነ ተራ ዋጋ) ስለሆነ ነል አይይዝም። ሜተዱ ኢንት ብቻ የሚቀበል ከሆነ ነልን በቀጥታ ብትልኩለት ኮምፓይል አይሆንም። ነል የያዘ የኢንቲጀር ቫሪያብል ብትልኩ ግን ኮምፓይለሩ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ፕሮግራሙ ሲሮጥ ኢንቲጀሩን ወደ ኢንት ሊለውጥ ሲል ይወድቃል። ኢንት በሚቀበል ሜተድ ላይ ነል ፖይንተር ካያችሁ፣ ሜተዱ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት የጠራውን መስመር ፈትሹ።