ቀለም የሚያፈርስ ዓይናማ ዱቄት

ጨርቅ ሲነከር ቀለሙ ሁሉ ክሩ ላይ አይቀርም። የተረፈው ከእጥበቱ ውሃ ጋር ይወጣል። ማቅለሚያዎች ፀሐይና ሳሙና እንዳያስለቅቃቸው ተብለው የተሠሩ ናቸውና ወንዝ ከገቡም በቀላሉ አይጠፉም።

አንዱ መላ ፎቶካታሊስት ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ሥራ የሚጀምር ዱቄት። ጃፓናውያኑ ፉጂሺማና ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 በቲታኒየም ዳይኦክሳይድና በብርሃን ውሃን መክፈል እንደሚቻል ካሳወቁ ወዲህ መስኩ ሰፍቷል። ዚንክ ኦክሳይድም የዚሁ ቤተሰብ ነው። አልትራቫዮሌት፣ ማለትም ዓይናችን የማያየው የብርሃን ክፍል፣ ሲመታው ኤሌክትሮኑ ከቦታው ይዘላል። ከዚያ ከውሃና ከኦክስጅን እንደ ሃይድሮክሲል ራዲካል ያሉ ቁጡ ነገሮች ይፈጠራሉ። ቀለሙን የሚበጣጥሱት እነሱ ናቸው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው የዱቄቱ ገጽ ላይ ስለሆነ ቀዳዳ በበዛ ቁጥር ይመረጣል። እንጀራ ዓይን የሚያወጣው ጋዙ ጥሎት ሲሄድ አይደል? እዚህም ነገሩ ያው ነው። ዚንክ ናይትሬት በውሃ ይሟሟል። ፖሊቪናይል አልኮል የሚባለው ፖሊመር (ሞለኪውሎቹ እንደ ረጅም ሰንሰለት የሆኑ ነገር) ደግሞ ለብቻው በሙቅ ውሃ ይማሰላል፤ ካልሞቀ ይጓጉላል። ሁለቱ ተቀላቅለው ውሃው ሲተን ዝልግልግ ይሆናል። ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቃጠላል። ዚንክ ናይትሬቱ ወደ ዚንክ ኦክሳይድ ሲለወጥ ፖሊመሩ ጋዝ ሆኖ ይወጣና በነበረበት ቀዳዳ ይተዋል። ሙቀቱ ከበዛ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ቀዳዳው ይደፈናል። ካነሰ ጥላሸት ይቀራል።

መሞከሪያው አብዛኛውን ጊዜ ሜቲሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ማቅለሚያ ነው። ዱቄቱ ሰማያዊው ውሃ ውስጥ ገብቶ መጀመሪያ ጨለማ ውስጥ 30 ደቂቃ ያህል ይማሰላል። ይቺን ደረጃ የዘለለ ውጤት እኔ አላምንም። ቀዳዳ ያለው ነገር ቀለም ዝም ብሎም ይመጥጣል፤ መምጠጥና ማፍረስ ደግሞ ለየቅል ናቸው። ከዚያ መብራቱ ይበራል። በየጊዜው ጥቂት ይቀዳና ዱቄቱ ተለይቶ 664 ናኖሜትር አካባቢ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ ይለካል። ቁጥሩ ከወረደ ሰማያዊው እየጠፋ ነው። ግን የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ስብርባሪው ቀለም አልባ ሆኖ ሊቀር ስለሚችል ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦኑም፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ባሉ ኦርጋኒክ ነገሮች ያለው ካርቦን በሙሉ፣ መለካት አለበት።

ከቤተ ሙከራ ሲወጣ ጣጣው ይበዛል። ከፀሐይ ብርሃን አልትራቫዮሌቱ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚታየውንም ብርሃን እንዲጠቀም ሌላ ኦክሳይድ ይደባለቅበታል። ዱቄቱ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ከውሃው መልሶ ማውጣትም ራስ ምታት ነው፤ አንዳንዶች በማግኔት ለመሳብ ማግኔታይት የሚባል የብረት ኦክሳይድ ይጨምሩበታል። ፍሳሹ አሲድ ከበዛበት ደግሞ ዚንክ ኦክሳይዱ ራሱ ይሟሟል።